ተራችንን ለጠበቃችሁልን ወገኖቻችን ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ላላችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ ለሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን፣ ለሰንበቴው፣ ለእድራችን፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለተቀበላችሁን፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ላልረሳችሁን የመንዝ ልጆች በሙሉ፤ እንኳን ከብርሃነ ልደቱ አድርሶ ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ።

ብዙዎቻችሁ በአካልም በስልክም ስለምትጠይቁን አስቀድሜ የእሱን ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ተሽሎታል፤ ቤቱ ገብቷል። ቁስሉ ደርቋል፣ እህል ይቀምሳል፣ ምርኩዝ ይዞ ደጀ ሰላም እየሄደ ይሳለማል። ከባድ እንዳያነሳ፣ ሞፈርም ለጊዜው እንዳይጨብጥ ሐኪሞቹ አዘውታል። እሱም ይህ ብቻ ነው የከበደው እንጂ ሌላው ሁሉ ተመስገን ነው።

ከሩቅ ሆናችሁ ነገሩን በወሬ ብቻ ለሰማችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ የገብስ አጨዳው ገና በተጀመረበት ሰሞን፣ ከማሳ ሲመለስ «ሆዴን» አለ። ማታ ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ አየርም ሰገራም ከለከለው፤ ያስመልሰው ጀመር። የንስሐ አባታችን በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ጸሎት አድርሰው፣ በመስቀላቸው ዳብሰው ሲያበቁ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» አሉን። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ስለ ሐኪም የተጻፈውን ከዚያ በፊት በስብከት ሰምቼው አውቃለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ከአባታችን አፍ ስሰማው ጉልበት ሆነኝ። ያመነታን የነበርነው ሁሉ ያን ጊዜ ተነሣን። የሰፈር ጎረምሶች ቃሬዛ አበጅተው ተሸከሙት። ሐኪም ቤት ደርሰን «እዚህ አይቻልም፤ ደብረ ብርሃን ይሂድ» ተብሎ የሪፈር ወረቀት ሲጻፍ፣ አንዷ ጎረቤቴ ማንም ሳያዛት ወደ ቤት ሮጣ የጤና መድኅን ደብተራችንን ይዛልኝ መጣች። ደብተሩ በወቅቱ የታደሰው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት «የጤና መድኅናችሁን ያላደሳችሁ አድሱ» ተብሎ ስለተነገረ ነው። አንዳንድ ሰው ይህ የቀበሌ ሥራ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት ይል ይሆናል። እኔ ግን ያንን ማስታወቂያ ላነበቡት አባት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እጸልያለሁ።

በዚያ ሌሊት መኪና ያገኘንበት መንገድም የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ለጭነት መጥቶ ከተማችን ያደረ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ የጓሳን ውርጭና የጣርማበርን ጉም አልፎ ሳይነጋ ደብረ ብርሃን አደረሰን። ሒሳብ ስጠይቀው «መጀመሪያ ይዳን» ብሎኝ ሄደ። ወንድሜ፣ ድኗል። ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ብቅ በልልን።

ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ነበር። ትንሽ ብንዘገይ ደም ያጣው አንጀት ይበሰብስ እንደነበር ነገሩኝ። ይህ ሕመም በአገራችን ብዙ የሚታይ፣ ይበልጡንም ወንዶችን የሚይዝ መሆኑን የሰማሁት ከሐኪሞቹ ነው። ስለዚህ ከምስጋናው ጋር አንድ አደራ አለኝ፦ ሆዱ የተነፋ፣ አየርና ሰገራ የከለከለው፣ የሚያስመልሰው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ያስቀምጠዋል ብላችሁ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያሽር ነገር አትስጡት። ይነጋል ብላችሁም አትጠብቁ። ውሰዱት።

ቀዶ ሕክምናውን ለሠሩት ሐኪሞች፣ ሌሊት ሌሊት እየመጡ «ጋዝ ወጣው?» እያሉ ይጠይቁ ለነበሩት ነርሶች እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ያቺ ጥያቄ መጀመሪያ አሳፍራኝ ነበር። ኋላ ግን ከመልካም ዜና ሁሉ የምትበልጥ ሆነችብኝ፤ ወጣው የተባለ ዕለት ከአጠገባችን አልጋ ያሉት አስታማሚዎች ሳይቀሩ እልል አሉ።

ደም ያስፈልጋል ሲባል የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የከተማችን ልጆች ከግቢ ጉባኤ ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። ከመካከላቸው መንዝን በስም እንኳ የማያውቁ ከደቡብም ከምዕራብም የመጡ ልጆች ነበሩ። እጃቸውን ሰጡ፤ ከዚያም ፈተናቸው ላይ ሆነው እየተፈራረቁ ምሳ ዕቃ ያመጡልኝ ጀመር። ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ባሉበት እንዲህ የሚያደርግላቸው አይጡ። ከልደት በፊት እህል እንዲቀምስ ሲፈቀድለት «ጾም ነው» ብሎ አሻፈረኝ ያለውን ሰውዬም በስልክ ያሳመኑልኝ የንስሐ አባታችን ናቸው። «ሕመምተኛ ነህ፤ የታዘዝከውን ብላ፤ ጾሙን እኛ እንጾምልሃለን» አሉት። ወተቱን ያን ዕለት ጠጣ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ።

የታኅሣሥ 12 ጽዋ የእኛ ተራ ነበር። የገብሱን ብቅል አብቅዬ፣ ጌሾውን ገዝቼ ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሳስበው፣ ለማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት ለማኅበሩ መሪ፣ ስልክ ደወልኩና «የእኛን ዝለሉት፤ ለቀጣዩ ተረኛ ይሁን፤ እኛ ሲሻለን እንክሳለን» አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ» አላሉኝም፣ «አይሆንም» አላሉኝም፤ «አንቺ አስታሚ» ብለው ዘጉት።

የሆነውን የሰማሁት ከልጄ ነው። ጎረቤቶቼ ቤቱን ከፍተው ጠረጉት፣ ጉዝጓዝ ጎዘጎዙበት። ጠላውን በእኔው ጋን ጠመቁት። ድፎውን የደፉት አንዲት እናታችን ናቸው፤ ዐይናቸው እየደከመ፣ እሳቱን በእጃቸው ሙቀት እየለኩ። የሽሮ ወጡ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም በጾም ደንብ ተሰናዳ። የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ካህናቱም ምእመናኑም እንደ ወትሮው እኛ ቤት ገቡ። ልጄ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከጓዳ ሆና ልትታዘዝ ስትል ሙሴያችን ጠርተው በባለቤቱ መቀመጫ አስቀመጧት። «ዛሬ ባለ ተራዋ አንቺ ነሽ» አሏት። ጸሎቱ ሲደርስ የአባቷ የክርስትና ስም ተጠርቶ እግዚኦ ተባለ። ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላም ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በሁለት እጇ ይዛ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረከበችው እሷ ናት። ካህኑ መርቀዋት፣ በዝማሬ ሸኝተው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች። ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ተራችን አላለፈም» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ገንዘብም ሰጥታችሁናል፤ በመሀረብ የተቋጠረች ብር እየያዛችሁ የመጣችሁ እናቶችን መቼም አልረሳችሁም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር በገንዘብ የሚተካው የለም። ከመካከላችሁ ጎድለን ሳለ እንዳልጎደልን አድርጋችሁ ያዛችሁን። «ለጊዜው ይቅሩ» ብትሉን ማንም አይወቅሳችሁም ነበር፤ እኔው ራሴ የጠየቅኩት ነው። እናንተ ግን ቤታችን እንዳይዘጋ፣ ምድጃችን እንዳይቀዘቅዝ አደረጋችሁ። ሰው ሲታመም የሚፈራው ሞትን ብቻ አይደለም። ከሰው ቁጥር መውጣትን፣ «የነበሩ» መባልንም ይፈራል። ይህንን ፍርሃት ከላያችን ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ስለ መጻጉዕ ሲነበብ፣ 38 ዓመት በቤተ ሳይዳ የተኛው ሕመምተኛ ጌታችንን «ሰው የለኝም» ሲለው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከደዌው ይልቅ ይቺ ቃል ትከብደኛለች። በዚያ ኮሪደር ላይ ሌሊት ሳስበው የኖርኩትም ይህንኑ ነው። አጠገባችን የተኛ አንድ አባት ጠያቂ አልነበራቸውም። ከምታመጡልኝ ምግብ አብረን እንበላ ነበርና የምስጋናው ድርሻ የእሳቸውም ነው፤ ሲወጡ «የመንዝ ሰዎችን እግዚአብሔር ይባርክ» ብለው መርቀዋችኋል።

ገብሱስ? ማሳው ላይ ደርቆ ቆሞ ነበር፤ ቢያድር ይረግፋል፣ የባቄላውንም ነገር ውርጭ ይዞታል። በዓል የሌለበትን ቀን መርጣችሁ፣ ማጭዳችሁን ይዛችሁ ሰንበቴውም እድሩም በደቦ ወጣችሁ። ደቦ የጠራ ሰው ማብላት ማጠጣት ወጉ ነው፤ እናንተ ግን የራሳችሁን እንጀራ ቋጥራችሁ መጣችሁ። ደግሞ በጾም! እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳትቀምሱ አጭዳችሁ፣ ነዶውን ሰብስባችሁ ከመራችሁ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ አውድማ ላይ አበራይታችሁ፣ በመንሽ አንሥታችሁ፣ እህሉን ለብቻ፣ ጭዱን ለብቻ አገባችሁልን። ባለቤቴ ከሆስፒታል መጥቶ ጎተራውን ከፍቶ ሲያይ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «የማንን ነው የምበላው?» አለኝ። የእኛኑ ነው አልኩት፤ የእነሱም ነው አልኩት።

ከጓሳ ሣር ጋር የኖረ አገር ልጆች ናችሁ። አባቶቻችን ያንን ሜዳ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ተራ ገብተው ሲጠብቁ፣ የሚዘጋና የሚከፈትበትን ጊዜ አብረው ሲወስኑ 400 ዓመት ገደማ ኖረዋል ይባላል። ተራ መግባትን ከማንም አልተማራችሁትም፤ ወርሳችሁታል።

ስለ እድራችን አንድ ነገር ልናገር፤ ድፍረት ከሆነም ይቅርታ ይደረግልኝ። መተዳደሪያ ደንባችን የሚናገረው ስለ ሞት ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም ገንዘቡም የሚወጣው ለቀብርና ለሐዘን ነው። የእኛ ነገር በመጣ ጊዜ ዳኛውና ጸሐፊው ሰብሰብ ብለው «ሰውዬው ሳይሞት እንርዳው» ብለው ከካዝናው አወጡ፤ አባላቱም አጸደቃችሁ። ይህ በእኛ ብቻ ባይቀር ደስ ይለኛል። ለታመመ ሰው የሚሆን ትንሽ መደብ በደንቡ ቢገባ፣ ነገ መንገድ ኪራይ አጥቶ ቤቱ የሚቀር ሰው አይኖርም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን አቀርባለሁ፤ ባለቤቴም መዋጮአችንን ከፍ አድርገን እንጀምር ብሏል።

ለጥምቀት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ልሂድ ሲል ፈርቼ ነበር። ባናውን ተከናንቦ፣ ምርኩዙን ይዞ ቀስ እያለ ወጣ። ታቦቱ ሲያልፍ ለመስገድ ቢያስብም አልቻለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዝማሬያቸውን እየዘመሩ ሲያልፉ አንዱ ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ድንጋይ አምጥቶ አስቀመጠው፣ ሮጦም ወደ ሰልፉ ተመለሰ። የማን ልጅ እንደሆንክ ለይቼ አላየሁህም ልጄ፤ እግዚአብሔር ያሳድግህ።

ስማችሁን እየጠራሁ ያላመሰገንኳችሁ ብዙዎቻችሁ እንዳይወራ ስለለመናችሁኝ ነው። የአንዱን ጠርቼ የአንዱን ብረሳም ይከፋኛል። በየቤታችሁ መጥቼ በአፌ አመሰግናችኋለሁ፤ እስከዚያው ብድራችሁን የሰማዩ አባት ይክፈላችሁ፤ ደጃችሁ አይዘጋ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ።

ጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ትንሽ ጠበል ጻዲቅ አዘጋጅተናል። ጥሪ ደረሰኝ አልደረሰኝ ሳትሉ ኑ። ስትመጡም ዕቃችሁን ውሰዱ፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ጥቁር ብረት ድስት፣ ጠርዙ በቀይ የተሰፋ ሰፌድ፣ ቢጫ ጀሪካኖች፣ ክዳን የሌለው ምሳ ዕቃ፣ እንዲሁም አውድማ ላይ የተረሳ መንሽ እኛ ዘንድ አሉ። አጥቤ አስቀምጬላችኋለሁ።

እኅታችሁ፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር
መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ