ቅዳሜ፦ የጉድጓድ ውሃችን ለምን ይርቃል?
ሰላም አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ተሰብስበን የጉድጓዶቻችንን የምክንያትና ውጤት ሥዕል እንሠራለን፤ ምክንያቶቹን በካርድ ላይ ጽፈን የትኛው የትኛውን እንደሚነካ በቀስት እናያይዛለን። ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፦ ሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት የደረቀው በዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ የሐረር ከተማ ውሃ፣ ደለልም ተደራርበውበት ነው።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ይሁን፤ «የውሃ ችግር» ሳይሆን «የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት»። አለዚያ ቀስቱ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ማድረግ አይቻልም (አንዱ ሲጨምር ሌላውም ከጨመረ መደመር፣ ሌላው ከቀነሰ መቀነስ)። ቀስቱ ዞሮ መነሻው ላይ እስኪደርስ አታቁሙ፦ ውሃው ሲርቅ የፓምፕ ነዳጅ ይጨምራል፣ ወጪውን ለመሸፈን የሽንኩርት ማሳ ይሰፋል፣ ማሳው ደግሞ ውሃውን ያርቀዋል። ዘንቦ ጉድጓዱ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ ቀስቱ ላይ በሁለት አጭር ሰረዝ አሳዩ (ሁሌም የሚረሳው ይኸው ነው)።

የነዳጅ ደረሰኝና የጉድጓድ ልኬት መዝገብ ያዙ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ የማይመቻችሁ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።