የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ሥር ያለው ውኃ

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን የዘንድሮ ሥራውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲያተኩር ያደረገው ከአባላቱ የተነሣ ጥያቄ ነው፤ በባሕር ዳር የሚኖር ሕዝብ ከአሸዋ ኮረብታዎች ሥር የሚጠጣ ውኃ የሚያገኘው እንዴት ነው? ሲያልቅስ ሰው መልሶ ሊሞላው ይችላል?

በአሸዋው ላይ የዘነበው ውኃ ወደ ታች ሰርጎ ጨዋማውን ውኃ ሲያገኝ፣ እፍግታው አነስተኛ በመሆኑ በላዩ ይንሳፈፋል። የኔዘርላንድሱ መሐንዲስ ባዶን ጊበንና ጀርመናዊው ሄርዝበርግ በየፊናቸው እንደደረሱበት፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከጠለሉ በታች እስከ 40 ሜትር ያህል ጨው አልባ ውኃ ይኖራል። አሳሳቢው ነገር ስሌቱ በተቃራኒውም መሥራቱ ነው፤ ከላይ ጥቂት ሲቀንስ ጨዋማው ውኃ ከሥር ብዙ ይወጣል።

ተማሪዎቹ ይህንን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሳይተዋል። አሸዋውን መሐል ላይ ከምረው፣ ቀይ ቀለም ያለው ጨዋማ ውኃ በግራና በቀኝ ሞሉ፤ ሣጥኑ ትንሽ ስለሆነም ጨው አልባው ውኃ እስከ ወለሉ እንዳይደርስ ጨዉን ከባሕር ውኃ ይልቅ አበዙት። ከላይ ንጹሕ ውኃ ሲያንጠባጥቡ ቀዩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሸሸ። በቀጭን ቱቦ ፈጥነው መሳብ ሲጀምሩ ግን ልክ ከቱቦው ጫፍ ሥር ቀዩ እንደ ጉብታ ተነሥቶ ወደ ቱቦው ገባ። በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የተገኘው በዚያች ቅጽበት ነው።

አምስተርዳም ከ1853 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሸዋ ኮረብታዎቿ ውኃ ስትወስድ ቆይታ፣ የምትወስደው ዝናቡ ከሚተካው በመብለጡ ተመሳሳይ አደጋ ገጥሟታል። ስለዚህ ከ1957 ጀምሮ የራይን ወንዝ ውኃ በቅድሚያ ተጣርቶ፣ በረጅም ቧንቧ ተጉዞ፣ በኮረብታዎቹ መካከል በተቆፈሩ ቦዮች እንዲሰርግ ተደረገ። ዘ ሄግም በ1955 ይህንኑ ጀምራ ነበር። ውኃው በአሸዋው ውስጥ ሁለትና ሦስት ወር ያህል ሲቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ወንዙ በተበከለ ጊዜም ከተማዋ የምትጠቀምበት ክምችት ይኖራታል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የውኃ መጠን ብቻ እንዳልሆነ ዕፅዋቱ መስክረዋል። የከርሰ ምድር ውኃው ሲወርድ በኮረብታዎቹ መካከል ያሉት ረግረጋማ ሸለቆዎች ደረቁ፤ በናይትሬትና በፎስፌት የበለጸገው የወንዝ ውኃ ሲገባ ደግሞ በቦዮቹ ዳር ሳማ ተስፋፋና ለም ባልሆነ መሬት የሚበቅሉትን ብርቅዬ ተክሎች ተሻማ። ቅድመ ማጣራቱ እንዲጠናከር ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ክበባችንም በውይይቱ ረዘም ያለ ጊዜ የሰጠው ለዚህ ክፍል ነበር።

አባላቱን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን የቤልጂየሟ ኮክሰይደ ናት። በዚያ ከ2002 ጀምሮ የታከመ የፍሳሽ ውኃ እጅግ በረቀቁ ማጣሪያዎችና በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት ጨው በማያሳልፍ ስስ ገለፈት በማሳለፍ የማጣራት ዘዴ) አልፎ ወደ አሸዋው ይሰርጋል፤ ቆይቶም ለመጠጥ ይቀዳል። መጀመሪያ ላይ ቅር ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። የማጣሪያውን አሠራር ደረጃ በደረጃ ካጠኑ በኋላ ግን አብዛኞቹ ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ እኔም ወደ ባሕር ሊፈስ የነበረን ውኃ ወደ መሬት መመለስ ከሁሉም የላቀ አካሄድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጪው ዓመት ክበቡ በዚያው ሣጥን ደለል ያለበትን ውኃ በማፍሰስ፣ የአሸዋው ገጽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደፈንና ሲጠረግ ማስረጉ ምን ያህል እንደሚመለስ ይለካል።