አመድ ለመጣበትም ቤት ድንኳን ይተከል

የተከበሩ አዘጋጅ፣

በእኛ በሰሜን ሸዋ ሰው በባዕድ አገር ሲሞት አስከሬኑ ባይመጣም መርዶው ይነገራል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ተሸክሞ ይደርሳል። «ሬሳው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን የለመድን ሰዎች የሟች አመድ ሲመጣልን ግን ግራ እንጋባለን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለረጅም ዘመን የኖረችው አሜሪካ ነበር። እዚያው አረፈች፤ ልጆቿም በኑዛዜዋ መሠረት አስከሬኗን አቃጥለው አመዷን ይዘው መጡ። ጣርማ በር ላይ፣ ቆላው ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ይበተን ብላ ነበር። እድሩ ተጨነቀ። መተዳደሪያ ደንቡ ስለ ቀብርና ስለ መርዶ ይናገራል፣ ስለዚህ ግን ምንም አይልም። ሲያመነቱ ድንኳኑ ሳይተከል ቀረ። ጎረቤቱም ፈራ፤ ደጃችንን እያየ ያለፈ አለ። አፋፉ ላይ የቆምነው የሥጋ ዘመዶች ብቻ ነን። አክስቴ፣ የወለዱ እናት፣ አልቃሽ በሌለበት ልጃቸውን ሸኙ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን አስከሬን ማቃጠልን እንደማትቀበል አውቃለሁ። እኔም ለራሴ የምመኘው ከአባቶቼ አጠገብ አፈር መልበስ ነው። ካህናቱ ሥርዓት ይጣሱ አልልም፤ ፍትሐቱ የእነርሱ ጉዳይ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ንፍሮው ግን የእድሩ ነው፤ የቀረውን ሰው ለማጽናናት የተዋጣ ነው።

«ለተቃጠለ ትንሣኤ የለውም» ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዮሐንስ በራእዩ ባሕር እንኳ በውስጧ ያሉትን ሙታን እንደምትሰጥ ጽፏል፤ እሳት ከባሕር በምን ይብሳል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ቃል ከእኛ አገር ሰው አፍ እንዴት ይወጣል? በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለለውን ሕዝብ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በመርዝ ጋዝ ፈጀው። የብዙዎቹ አፅም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ዋሻው ውስጥ ቀረ። ወግ ያለው ቀብር ስላላገኙ ማን ናቃቸው?

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከሚቀበረው የሚቃጠለው በልጧል። አስከሬን በአውሮፕላን ማምጣት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ወገኖቻችን ለዚሁ መዋጮ ሲለምኑ እናያለን። የአንድ አዋቂ ሰው አመድ ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ያህል ነው፤ ከሞት ምስክር ወረቀትና ከማቃጠያ ቤቱ ማስረጃ ጋር ተይዞ ይመጣል።

አመድ ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦችም የምለው አለኝ። ይህ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የተፈጨ አጥንት ነው፣ ጨው አለበት። አንድ ቦታ ከተቆለለ ሣሩንና ችግኙን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሳሳ ተደርጎ፣ ከምንጭና ከጠበል ርቆ ይበተን። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ነፋሱ የበረታ ቦታ ነው። ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ መሬት ማፍሰስ ይሻላል። በእኛ ጊዜ ነፋሱ አመዱን ወደ ሰው ፊት መለሰው፤ ትንሹ የልጅ ልጇ ጮኾ አለቀሰ፣ የሚያባብለውም ጠፋ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉ ከአመዱ ጥቂቱ ተለይቶ አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ድንጋይም ይቀመጥበት። አክስቴ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሄደው የሚቀመጡበት መቃብር አጡ። ጉልበታቸው ለጣርማ በር አፋፍ አይበቃም።

እድሮች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ደንባቸው ላይ አንዲት መስመር እንዲጨምሩ እለምናለሁ፦ አመድ የመጣበት አባል መርዶ እንደ ደረሰው ይቆጠር፤ ድንኳኑም ክፍያውም አይጓደልበት። በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም እንዲህ ያለ ኑዛዜ ካላችሁ በሕይወት ሳላችሁ ለወላጆቻችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው። አክስቴ የልጃቸውን አስከሬን መቃጠል የሰሙት አመዱ ቤታቸው ከገባ በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ሲና