«አሼራ» ተብሎ በሚሸጠው ጌጥ ላይ ያለችው ማን ናት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለአምልኮ ተብለው የሚሸጡት፣ በጥንቷ የከነዓን እንስት አምላክ በ«አሼራ» ስም የሚጠሩት የአንገት ጌጦች ሁለት ጥንታዊ ምስሎችን ያምታታሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ በጋዛ አቅራቢያ ቴል ኤል-አጁል ላይ ቆፍሮ ካወጣቸው የወርቅ ጌጦች መካከል ፊት፣ ጡት፣ እምብርትና የብልት ሦስት ማዕዘን ብቻ የሚታይባቸው አሉ፤ ፀጉሩ እንደ ግብጿ እንስት አምላክ ሐቶር ጫፉ ተጠቅልሏል። አንበሳ ላይ ቆማ አበባና እባብ የያዘችው ግን በግብፅ የድንጋይ ሐውልቶች ላይ ቄዴሽት ተብላ የተጻፈችው እንስት አምላክ ናት። ወርቆቹ ላይ ስም የለም፤ አሼራም ሆነ ሌላዋ የከነዓን እንስት አምላክ አስታሮት ናት ማለት ግምት ነው። ሻጭ ይህን ቢናገር ምን ይጎድልበታል?

የጥንቱ አንጥረኛ ስስ የወርቅ ሉህ ከጀርባው እየመታ ምስሉን ወደ ፊት ያወጣ ነበር። ከላይ የተረፈውን ቀጭን ጫፍ ጠቅልሎ የክር ማለፊያ ያደርገዋል። የዛሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብረት ቀልጦ በሰም በተሠራ ቅርጽ የሚፈስ ነው። ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ሲወሰድ ሰሙም ብረቱም ሲረጋ ስለሚኮማተር ምስሉ እያነሰ ይሄዳል፤ ቀድመው የሚደበዝዙት ዓይንና የፀጉሩ መስመሮች ናቸው። ወርቅ የተቀባ ናስ ከሆነ ቅቡ መጀመሪያ የሚላጠው ሰንሰለቱ በሚፈትገው ቀለበት ላይ ነው፤ ከዚያ ላብ ሲነካው ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል። ብር ነው ከተባለ ጀርባው ላይ 925 (ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር ማለት ነው) የሚል ምልክት ይፈለግ።