ሽንብራው ሳያብብ ወጥመዱ ይቆጠር
ለክፍለ ከተማው የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፦

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ጥቁር አፈር ላይ በመስከረም የተዘራ ሽንብራ ኅዳር ላይ ያብባል። ጓይ ትልም ይህን ጊዜ አያልፈውም። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ የጥጥ ፍሬ የሚበሳው ያው ተባይ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሽንብራውን ከረጢት ቀድዶ፣ ጭንቅላቱን ከትቶ ገላውን ውጭ እንዳንጠለጠለ ፍሬውን ይበላል። ትሉ ከረጢቱን ከበሳ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ብዙም አይረዳም፤ ትልቁ ትል በቀላሉ አይሞትም። የምንጠይቀውም የትሉ እናትና አባት የሆነው የእሳት እራት መምጣት፣ ማሳ ዳር በሚሰቀል የባልዲ ወጥመድ ተቆጥሮ፣ ከትሉ በፊት እንዲታወቅ ነው።

ማሳ ዳር የተሰቀለ ባልዲ ሁሉ ጓይ ትልን አይጠብቅም። በ2009 ዓ.ም. የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች ለመከታተል የሚሰቀለውም ወጥመድ መልኩ ያው ነው። ልዩነቱ ክዳኑ ሥር ያለችው፣ የሴቷን ሽታ የያዘች ትንሽ ጎማ ናት። የተምች ጎማ ያለበት ወጥመድ ጓይ ትል አይስብም፤ ስለዚህ ባልዲው ባዶ ሲሆን «ተባይ የለም» ከማለት በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ማንበብ ይቀድማል። አንድ ሠራተኛ ሁለቱንም ጎማ በባዶ እጁ ከነካ ደግሞ ሽታው ይደባለቃል፤ ጓንት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጎማዋ እስክትሰቀል ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጥ፣ በየ4 ሳምንቱ ትቀየር፤ አሮጌዋ ማሳ ላይ ከተጣለች መሳቧን ስለማታቆም ቆጠራውን ታበላሻለች።

ለአንድ ኩታ ገጠም ማሳ 3 ወጥመድ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 50 ሜትር ይበቃል ብለን እናምናለን። ቁመቱ ከሰብሉ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ሽንብራው ሲያድግም አብሮ ይነሣ። ነጭና ቢጫ ባልዲ ንብ ስለሚስብ አረንጓዴው ይሻላል።

ቆጠራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ይሁን። የጓይ ትልን የእሳት እራት ከሌላው የምትለዩት በኋላ ክንፉ ነው፤ ነጣ ብሎ ጠርዙ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ሰፊ ጥቁር መስመር አለው። ሌሊቱ ውርጭ ከነበረ የእሳት እራት እምብዛም ስለማይበር፣ የዚያ ሌሊት ዜሮ እንደ ዜሮ አይያዝ፤ የሌሊቱ ብርድ አጠገቡ ይጻፍ።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን ወዲያው «ርጩ» ማለት ስህተት ነው። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ የት እንዳረፈች አይነግረንም። የሚነግረን ማሳ መግባት እንዳለብን ነው። በዚህ ብርድ እንቁላሉ ለመፈልፈል ከቆላው የበለጠ ቀን ስለሚፈጅ ጊዜ አለ። ሥራው በ5 ቦታ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከተክሉ ሥር ዘርግቶ የ1 ሜትር መስመር ማራገፍና የወደቀውን ትል መቁጠር ነው። በሽንብራ ላይ የሚሠራበት የመርጫ መነሻ በ1 ሜትር 1 ትል ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይታለፍ።

ይህን አጥብቀን የምንለው ስለ እሸቱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሽንብራው ተነቅሎ፣ በእቅፍ ታስሮ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ገዢውም እዚያው ቆሞ፣ ሳያጥብ በጥሬው ይበላዋል። ትሉ ሳይቆጠር፣ ቀን ተቆጥሮ ብቻ የተረጨ መድኃኒት የሚያርፈው እዚያ እጅ ላይ ነው።

እንግዲህ ጎማው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይገዛ፣ ቆጣሪ ይመደብ፤ ቁጥሩም ፋይል ውስጥ ሳያድር በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛውና ለገበሬው በስልክ ይነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች