ገደብ የጣለ፣ ገደብ የጣሰ

የእንግሊዝኛ ክበባችን ዘንድሮ «ሊሚት» ከሚል አንድ ቃል ጋር ከረመ። ሲጀመር እንዲህ አላሰብንም። ጥቅምት ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ገደብ ጣለ» የሚለውን «ስሮው ኤ ሊሚት» ብላ ተረጎመችው። ሰዋስው አላጠፋችም። እንግሊዝኛ ግን ገደብን አይወረውርም። «ሴት ኤ ሊሚት» ይላል፣ ጠንከር ሲል ደግሞ «ኢምፖዝ ሪስትሪክሽንስ»። እኛስ ብንሆን ገደብ ወረወረ መች እንላለን?

ከዚያ ወዲያ በየረቡዑ አብረው የሚሄዱ ቃላትን መልቀም ሆነ ሥራችን። እገዳ ላይ ቀናን። እኛ እገዳ ተነሳ እንላለን፣ እነሱም «ሊፍት ኤ ባን» ይላሉ፤ ያው ማንሳት ነው። እገዳው ሲላላ ግን «ኢዝ» ነው፤ ማቅለል እንደማለት። ጥብቅ ገደብ ለማለት «ስትሪክት ሊሚት» ያስኬዳል፣ «ስትሮንግ ሊሚት» ጆሮ ይጎረብጣል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ልማድ ነው።

«ብሬክ ዘ ስፒድ ሊሚት»፣ ማለትም የፍጥነት ገደብ መጣስ፣ ላይ ስንደርስ ወንድሙ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ብሬክ ከያዘማ ገደቡን አከበረ እንጂ መች ጣሰ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መስበርና ፍሬን መያዝ በእንግሊዝኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ሲጻፉ ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳሳይ አንዷ፣ «የእኛም እኮ ያው ነው። ገደብ ጣለ እና ገደብ ጣሰ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት» አለች። ስንት ዓመት ሳስተምር ልብ ብዬው አላውቅም።

«ከርፊው» የተነሳ ዕለት ክፍሉ ዝም አለ። ሰዓት እላፊን ለጎንደር ልጅ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ የቃሉን ምንጭ ነገርኳቸው። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «እሳት ሸፍን» እንደማለት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማታ ደወል ሲደወል ሰው እሳቱን ያዳፍን ነበር።

«አያቴ ማታ ማታ ረመጡን እንደምታዳፍነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።

ከጥምቀት በኋላ አባላት ሳስተውብን ነበር፤ ፈተና ሲቃረብ ተመለሱ። የ12ኛ ክፍሎቹን አልወቅስም።

በመጨረሻው ሳምንት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «ኦፍ ሊሚት» ይላል፤ መግባት ክልክል ነው ለማለት። መጨረሻዋ «ስ» ቀርታለች። በእስክሪብቶ ጨምሬ ወረቀቱን እዚያው ተውኩት።