የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ደረጃው 90፣ ዝላዩ 420

«መምህር፣ ልጆቹን ጌም ነው እንዴ የሚያስተምሯቸው?» ዘንድሮ በወላጆች ቀን ሦስት ወላጆች ጠይቀውኛል። ጌም አላስተማርናቸውም። ጌም ሠርተዋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

16ቱ አባሎቻችን የሠሩት በአንድሮይድ ስልክ የሚጫወቱት፣ እንቆቅልሽ ያለበት የዝላይ ጨዋታ ነው። አንዲት ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ፊደል ትገፋለች። በሩ ላይ «ና» ተጽፏል፤ እሷ ያገኘችው ግን «በ»ን ነው። «በ»ን ወደ «ቡ» የሚቀይረውን ድንጋይ ፈልጋ ካላገኘች ቡና አይሆንም፣ በሩም አይከፈትም። ሐሳቡ የልጆቹ የራሳቸው ነው። ስሙ ላይ እስካሁን እየተከራከሩ ነው።

የተጠቀምንበት ጎዶት የሚባል ነፃ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት ሲሆን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። በፍላሽ አምጥተን ጫንነው። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ ተሰበሰብን፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ኮድ በመለማመድ አለቀ። ፊደሎቻችን ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን እየሆኑ ሁለት ሳምንት አለፉን፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስንጨምር ተፈታ።

የማልረሳው የፋሲል ግቢውን ጉዞ ነው። የጨዋታው ግድግዳ የራሳችን ግንብ ይሁን ብለን ፎቶ ልናነሳ ሄድን። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የግንቡ ደረጃ ላይ ተንበርክኮ በስንዝር ይለካል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼዋለሁ ማለት አልችልም። ቤቱ ኮምፒውተር የለም።

በቀጣዩ ሐሙስ ደረጃዎቹን ጨዋታው ውስጥ አስገባን። የጨዋታዋ ልጅ መውጣት አቃታት። ትዘላለች፣ ጫፉ ጋ ስትደርስ ትወርዳለች። ትልልቆቹ ቁጥሩን በግምት መነካካት ጀመሩ። እሱ ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። በስክሪኑ ነጥቦች (ፒክሰል) ሲለካ የጨዋታው ስበት 980፣ የአንዱ ደረጃ ቁመት 90። ፊዚክስ ክፍል የተማራትን ቀመር ጻፈ፦ የፍጥነት ካሬ ማለት ሁለት ጊዜ ስበት ጊዜ ቁመት። 176,400 መጣ። ካሬ ሥሩ 420። እኛ የሰጠናት ፍጥነት 400 ነበር፤ ያ ፍጥነት ከ82 በላይ ከፍታ አያወጣትም።

«ቲቸር፣ 420 ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚያደርሳት። ትንሽ እንጨምርላት» አለኝ።

430 አደረግነው። ወጣች። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እኔ ዓይኔን ለመጥረግ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሚያዝያ ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ የአንዱ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። ሦስተኛው ሌቭል አብሮ ሄደ። ቅጂ አለማስቀመጤ የእኔ ጥፋት ነው። ግን ለ16 ልጅ አራት ኮምፒውተር፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) አንድ እንኳ ሳይኖር? ለሌሎች ክበቦች ማልያና ከበሮ ሲገዛ ደስ ብሎኛል። እኛም ክበብ ነን።

ጨዋታውን ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት የመመዝገቢያው ክፍያ 25 ዶላር ነው፤ አንዴ ከተከፈለ አለቀ። ብሩን እናዋጣለን። ያጣነው በዶላር የሚከፍል ካርድ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እናንተን ነው የምንጠብቀው።

አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ቀን መሞከር አለባቸው። አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ ወላጆች አይሲቲ ክፍል መጥታችሁ ተመዝገቡ። ያን ጥያቄ የጠየቃችሁኝ ሦስታችሁ ቦታ ይዤላችኋለሁ።